ታሪኳ ራሷን የተላጨች ዕለት

እኔ ራሰ በራ ነኝ። ፀጉሬ በሠላሳ ዓመቴ ከግንባሬ መሸሽ ጀመረ፣ በአርባ ዓመቴ ጨርሶ ሄደ፤ አንድም ሰው "ምን ነካህ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከቃዲማ ዞራን ኔታንያ የሚመላለስ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ከኋላዬ የሚቀመጡ ተማሪዎች ፀሐይ አናቴ ላይ ስታንጸባርቅ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ደስ ካለኝ አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ካላለኝ ፍሬን እረግጥባቸዋለሁ። የወንድ ነገር ይኸው ነው። ኮፍያ ይገዛል፣ ያልቃል። የእህቴ የታሪኳ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም፤ ከጥፋቱም ግማሹ የእኔ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ታሪኳ ከእኔ በሰባት ዓመት ታንሳለች። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቃቅፈን ከአዲስ አበባ ወደ ተስፋይቱ ምድር ስንመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰው ሁሉ ሲጮኽና ሲያስመልሰው፣ እሷ እናታችንን ሐረጓን በክንዷ ደግፋ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ቤት ቢቃጠል ጫማዋን አስራ የምትወጣ ሰው ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ ልጇ ናኦር የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሳምንቱን ሐዘን ተቀመጠች፣ በስምንተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ሄደች። ሥራዋ ኪርያት ሀሻሮን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ባለ ጋን፣ በሕፃናት መዋያ፣ ረዳትነት ነው። ሠላሳ ሕፃን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ እናታችን ቤት ትመለሳለች። ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት። ሃያ ዓመት እንዲህ ስትኖር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሰማ የለም።

ባለፈው ክረምት ራሷን ስትታጠብ፣ ከጆሮዋ በላይ ጣቷ ባዶ ቆዳ ነካ። ሳንቲም የምታህል ክብ ናት፤ አታሳክክም፣ አታምም። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሆኑ። አገር ቤት ላሽ ይባል የነበረው ነው። ነጭ ሽንኩርት ይፈተግበታል፣ ከዚያ ወይ ይበቅላል ወይ አይበቅልም። ታሪኳ ግን ነጭ ሽንኩርት እየሸተተች ሕፃን ልታቅፍ አትችልም፤ ደግሞም ጊዜ አልነበራትም። ናኦር ማዓያን የምትባል ልጅ አጭቶ፣ ሠርጉ ለኤሉል ወር፣ ለበጋው መጨረሻ፣ ተቆርጧል። ከሠርጉ በፊት ሂና አለ፣ የሙሽሮቹ እጅ የሚቀባበት ድግስ። በሂናው የሙሽራው እናት የጎንደር ሹሩባ ተሠርታ፣ ራሷን ገልጣ በሰው ሁሉ ፊት ትቆማለች። ናኦር ገና ጡት ሲጠባ "ለአንተ ሂና ሹሩባዬ ወገቤ ይደርሳል" ትለው ነበር። ወንድ ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ለዚያች ቀን ምን ያህል እንደምትጓጓ ማስረዳት አይሆንልኝም። የፈለገችው እሱን ብቻ ነው፤ በዚያች ቀን ራሷን ገልጣ መቆም።

ለእናታችን አልነገረቻትም። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፣ ልቧም ደካማ ነው፤ ስለ ጥርሴ ብነግራት ሳምንት ትጾማለች። ታሪኳ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች፤ በጋኑ ያሉት ባልደረቦቿ ሃይማኖት ያጠበቀች መስሏቸው አጉል ያከብሯት ጀመር። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው፣ እኔም ኩፓው፣ የጤና መድን ክሊኒኩ፣ ወስጄ ለቆዳ ሐኪም አሳየኋት።

ሐኪሟ ኤሊሼቫ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ፈጠን ብላ የምትናገር፣ ግን የተናገረችውን ሁለቴ ለመድገም የማትሰለች ሴት። የሰውነት ወታደሮች ተሳስተው የራሳቸውን የፀጉር ሥር ጠላት ብለው እንደሚወጉ አስረዳችን። መድኃኒቱ ኮርቲዞን ነው፤ በቀጭን መርፌ እዚያው ባዶው ቆዳ ሥር ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ ወታደሮቹ ይበርዳሉ፣ ፀጉሩ ይመለሳል። ሁልጊዜ ግን አይመለስም አለች። ቆዳው ሊሰረጉድ ይችላል፣ እንደ እኛ ያለ ጠቆር ያለ ቆዳ ሊነጣ ይችላል፣ ፊት ሊቀላ ይችላል፣ እንቅልፍ ሊጠፋ ይችላል። የታሪኳ ስኳር ቀድሞም ጠርዝ ላይ ስለነበረ በየጊዜው እንድትለካ አዘዘቻት። ከሁሉ በላይ መርፌው በየስድስት ሳምንቱ እንጂ ከዚያ እንዳይቀርብ አስጠነቀቀች። ታሪኳ ለሁሉም "እሺ" አለች። እኛ ለሐኪም "እሺ" እንላለን።

የመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ቦታ ተወጋች። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ መርፌው በገባበት ሁሉ ቆዳዋ እንደ ወባ ትንኝ ንክሻ ብድግ ይላል። ዓይኗ አልተርገበገበም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ትልቁ ክብ ላይ ነጭ ለስላሳ ፀጉር ብቅ አለ። ጣቴን ይዛ አስነካችኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል። ቀን መቁጠር ጀመርን። በየስድስት ሳምንቱ ከሄድን እስከ ሂናው ድረስ ሦስት አራት መርፌ ብቻ ነው የምታገኘው፤ ሹሩባ የሚይዝ ፀጉር ደግሞ በዚያ አይደርስም። እኔ ባደግሁበት አገር ክኒን ሰው እንዳይከፋው የሚሰጥ ነገር ነው፤ የሚያድነው መርፌ ነው። አንድ መርፌ ነጭ ፀጉር ካበቀለ ሁለት መርፌ ጥቁሩን ያበቅላል፣ ሒሳቡ እንዲህ ነበር የታየኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ እንድትንጠለጠል፤ አባቴ ይል የነበረውን ነገርኳትና ኪርያት ሀሻሮን ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሌላ ሐኪም ፈለግሁላት። ሰውዬው ደግ ነበር። ሌላ ቦታ ተወግታ እንደሆነ በትክክል ጠየቃት። ታሪኳ ዞር ብላ አየችኝ።

ከመግባታችን በፊት ደረጃው ላይ "አትንገሪው" ብያት ነበር። ኤሊሼቫም እንዳትሰማ ብያታለሁ። ምክንያቴ ተንኮል አልነበረም። አንድ ሰው ቤት እየበላህ ለሌላው ቤት "ራበኝ" ማለት ነውር ነው፤ ያከመችህን ሴት ትተህ ሌላ ዘንድ እንደሄድህ ከሰማች ቅር ይላታል፣ እጇም ይቀዘቅዛል። እኔ እስከ ዛሬ ሰው እንዳይቀየመኝ ስል ስንት ነገር እንደዋሸሁ ብቆጥር አይበቃኝም። ታሪኳ ሁልጊዜ ትሰማኛለች፣ ታላቅ ወንድሟ ነኝ። "የትም አልተወጋሁም" አለችው። እሱም ወጋት።

ከዚያ ወዲህ በአንዱ ዘንድ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ በሌላው ዘንድ ትቀመጣለች። በየሦስት ሳምንቱ ማለት ነው። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ፊቷን ነው፤ ከመርፌው በኋላ ሁለት ቀን ከእሳት ዳር እንደተነሣ ሰው ይቀላል። ከዚያ ጉንጯ ሞላ፣ ሰው "አማረብሽ" ይላት ጀመር። ከዚያ እንቅልፏ ሄደ። ሌላም የሴት ነገር ተዛብቶባት ኖሯል፣ እሱን ለእኔ አልነገረችኝም።

ዋናው ግን መቀመጥ አለመቻሏ ነው። ያቺ አውሮፕላን ወለል ላይ እንደ ድንጋይ የተቀመጠች ልጅ አሁን ወንበር አይበቃትም። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ትሄዳለች። ስትቀመጥም በመስታወቱ አያታለሁ፤ ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ወንበር ትቀይራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከኪርያት ሀሻሮን እስከ ጣቢያው በእግሯ መሄድ ጀመረች። ቤት ስትገባ የቁም ሳጥኑን ልብስ አውጥታ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ጋኑ ውስጥ የሕፃናቱን መጫወቻ በየቀለሙ ለይታ፣ በማግሥቱ በየመጠኑ ለየችው። እናቴ "ይች ልጅ ምን ይነዳታል?" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የሠርጉ ደስታ ነው እላለሁ። ሌላ ውሸት። ስኳሯን ትለኪያለሽ ወይ ስላት "አዎ" ትለኛለች። ሳትለካ እንደምትዋሸኝ አውቄ ነበር፣ ግን የእኔ እህት ናት፣ ከእኔ ነው የተማረችው።

በበጋው አጋማሽ፣ ጋኑ ውስጥ፣ ያኤል የምትባል የአራት ዓመት ሕፃን ታሪኳ ጫማዋን ልታስርላት ጎንበስ ባለችበት ሻሿን ሳብ አደረገችው። ሕፃን ነውር አያውቅም። ትንሿን ጣቷን ከጆሮዋ በላይ ባለው ሥርጉድ ውስጥ አስገብታ "ታሪኳ፣ ራስሽ ላይ ጉድጓድ አለ" አለቻት። ክፉ አላሰበችም፤ ጣቷም ልክ ገብቶ ነበር። ታሪኳ ጫማውን አስራ ጨረሰች፣ ሕፃኗን ሳመቻት፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በስልኳ ራሷን አነሳችው። ከዚያ በፊት ከላይ አይታው አታውቅም ነበር። ሦስት የነበሩት ክቦች ላይ ቆዳው ወደ ውስጥ ወርዷል፣ ወተት እንደፈሰሰበትም ነጥቷል። ፀጉር በቅሏል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን በየጉድጓዱ ዳር ዳር፣ ሳር በኩሬ ዙሪያ እንደሚበቅል። በዚያ ላይ በሌላ በኩል ሁለት አዲስ ክቦች ተከፍተዋል።

በማግሥቱ ብቻዋን ኤሊሼቫ ዘንድ ሄዳ ሁሉን ነገረቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ይህን ስትነግረኝ ነው ያፈርሁት፤ ለስንት ወር እንዳትቀየም ስንዋሻት የነበረች ሴት መቀየም አላወቀችም። የስኳሯ ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ወጣ። መርፌው ዛሬውኑ ይቁም አለች። ሥርጉዱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመት እየሞላ ይመጣል፣ ቀለሙም ይመለሳል፣ እረፍት ማጣቱም መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ይለቃል። ስኳሩን ግን በቀልድ የሚያዩት አይደለም። ለሂናው የሚደርስ ፀጉር ይኖር እንደሆነ ታሪኳ ጠየቀች። ሂናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ኤሊሼቫ አይደርስም አለቻት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ግን አፍሰን የምንለቅመውም አላገኘን።

ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጠዋት ከቤት ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ለማንም አልነገረችም፣ ስልኳንም ዘጋችው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ አላሰበችበትም ነበር። እግሯ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ጣቢያው አካባቢ ሦስቴ ዞረች፣ በአራተኛው እኔ ጢሜን የምላጭበት የወንዶች ፀጉር ቤት ፊት ቆመች። ገብታ ሻሿን ፈታች፣ "ሁሉንም አንሣው" አለችው። ፀጉር ቆራጩ ሁለቴ ጠየቃት፣ ሁለቴ "ሁሉንም" አለችው። በማሽን ጨረሰው። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፣ ወደ ባሕሩም ወረደች። ከስድስት ወር ወዲህ ነፋስ ራሷን ሲነካት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ አለኝ ብላለች። ከላጩት የሚደበቅ ነገር የለውም ብላ ነበር የምታስበው።

አንድ ነገር ረስታለች። በእኛ ዘንድ ሴት ራሷን የምትላጨው ለሞት ነው። አገር ቤት ባል፣ ወንድም፣ ልጅ የሞተባት ሴት ትላጫለች፣ ያያት ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል። እዚህ አገር ወጣቶቹ ትተውታል፤ ሽማግሎቹ ግን አልረሱም። ታሪኳ ተላጭታ የታየችው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ነው፣ ባሏ የሞተ ሳምንት።

ከፀጉር ቤቱ ስትወጣ እማ ፈንታዬ ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው። ነጠላ አዩ፣ ከሥሩ የተላጨ ራስ አዩ። ሐዘንተኛን መንገድ ላይ አቁሞ "ማን ሞተብሽ?" አይባልም። ስልካቸውን አውጥተው ለቄስ ዘመነ፣ ለሰፈራችን ቄስ፣ ደወሉላቸው። ቄስ ዘመነ ናኦር ለሚሉዒም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ተጠርቶ ሰሜን ድንበር ላይ እንዳለ ያውቃሉ። የጦሩ መኮንኖች ሥራዋ ቦታ ሄደው መርዶውን ነግረዋታል ብለው ደመደሙ። ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ለሽማግሎቹ ደወሉ፤ ሽማግሎቹ ለሚስቶቻቸው፣ ሚስቶቻቸው ለእህቶቻቸው ነገሩ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ሌላው የሚያውቅ መስሎታል።

ለእኔ ሲደወልልኝ ከቃዲማ ወጥቼ ወደ ኔታንያ እየነዳሁ ነበር። ፌርማታ ላይ ቆሜ አነሣሁት። "ቃኘው፣ ተራህን ስትጨርስ እናትህ ቤት ና" አሉኝ ቄስ ዘመነ። ምን ተፈጠረ አልኋቸው። "ደህና ናቸው። ና ብቻ።"

መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። "ደህና ናቸው፣ ና ብቻ" ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ከጎንደር የመጣ ሕፃንም ያውቀዋል። አርባ ሰው ይዤ ነዳሁ። እናቴ ናት ብዬ አሰብሁ፣ ወዲያው ደግሞ እናቴ ብትሆን ይነግሩኝ ነበር አልሁ፤ ከዚያ ናኦር መጣብኝ። ሕፃን ሆኖ ጭኔ ላይ ተቀምጦ መሪውን ያዞር የነበረው ናኦር። አንድ አሮጊት ፌርማታዋን አሳለፍሁባት፣ ጮኸችብኝ፣ አቆምሁላት። ለታሪኳ ደወልሁ፣ ስልኳ ዝግ ነው። የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁ፣ ከዚያ ሰደብሁ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጣቢያው ስደርስ አውቶቡሱን ለሌላ ሹፌር አስረክቤ ሮጥሁ።

ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም አቀርቅሯል፣ ማንም አያየኝም። ቤት ውስጥ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ መካከል ላይ ናት። አታለቅስም። አንድም ቃል ሳይነገራት የመጣውን ሰው ቆጥራ ጨርሳለች። ቄስ ዘመነን ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ ማን ነው አልኋቸው። እናትየው ትምጣ፣ እሷ በሌለችበት አይነገርም አሉኝ። እናትየው ሲሉ ናኦር መሆኑን አወቅሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ታሪኳ የመጣችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ከባሕሩ ስትወጣ ቀለል ብሏት፣ ለእናታችን ምን ብላ እንደምትነግራት እያሰበች ነበር። ደረጃው ላይ ያለውን ሰው አየች። ሰዉ ግራና ቀኝ ከፈል ብሎ አሳለፋት። በሩ ላይ ስትደርስ ቄስ ዘመነ ከነመነጽራቸው፣ ሽማግሎቹ ከነበትራቸው ተነሡ። ሽማግሌ አንድ ላይ ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ነጠላው ከአናቷ ወደቀ።

"ናኦር?" አለች።

እማ ፈንታዬ ይህን ጠብቀው ነበር። ደረታቸውን መትተው ዋይ አሉ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተናጋ። ታሪኳ አልጮኸችም። እንደ ጨርቅ እጥፍ ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች፣ በግንባሯም ምንጣፉን መምታት ጀመረች። እኔ ያነሣኋት ይመስለኛል። ልይዛት ስታገል ነው አንድ ነገር የከነከነኝ፤ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፣ እሷ ግን ጠይቃለች።

ትከሻዋን ይዤ ማን ነገረሽ አልኋት።

"ማን ይነግረኛል? እናንተ አይደላችሁ ልትነግሩኝ የመጣችሁት?"

"ታዲያ ራስሽን ለማን ተላጨሽ?"

እጇ ወደ ራሷ ሄደ። ለቅሶው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ለመርፌው ነው" አለች። "ለመርፌው ነው የተላጨሁት፣ ቃኘው።"

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቼ ከፈትሁ። ለልጇ ደወልሁ። ናኦር አላነሣም። እንደገና ደወልሁ፣ አላነሣም። በሦስተኛውም አላነሣም። መሳሳታችን ገብቶናል፣ ግን አሁን ማንም ሊያምነው አልደፈረም፤ የጠራነው ሞት መንገድ ላይ ያለ መሰለን። ሠላሳ ሰው ያችን ስልክ ያያል። ምን ያህል ቆየን? አሥር ደቂቃ ይሆናል። እኔ ያረጀሁት በዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ኢማ፣ ማ ካራ? ሦስቴ ደወልሽ። ሻወር ላይ ነበርኩ፣ ሃኮል በሴዴር" አለ ናኦር፤ እማ፣ ምን ሆነ፣ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው። ከኋላው ሰው ይስቃል። ታሪኳ ስልኩን ነጥቃ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ምሳ በላህ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው።

እንዲህ ካለው በኋላ ሰው የሚሆነውን ያጣል። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዱ ሽማግሌ እማ ፈንታዬን ገላመጠ፣ እማ ፈንታዬ ነጠላቸው ውስጥ ተደበቁ። ቄስ ዘመነ ይቅርታ ጠይቀው ሰዉን ሊያሰናብቱ ተነሡ። በዚህ መካከል እናቴ እየዳኸች ወደ ታሪኳ መጥታለች። በሁለት እጇ የልጇን ራስ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቶቿ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ነጩ ላይ ቆዩ። ስድስት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አይታው አታውቅም።

"ይኸ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርሁ?" አለች። ታሪኳ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አለች፣ ስለ መርፌው ነገረቻት፣ ስለ ሂናው ነገረቻት፤ የተላጨ ራስ ይዛ ልጇ ሂና ላይ ብትቆም ሰው ሟርት ነው እንደሚል አሁን ገና ገባኝ አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። ሊወጣ የተነሣው ሁሉ ቆሞ ቀረ።

እናቴ እጇን ወደ ቄስ ዘመነ አነሣች።

"ተቀመጡ። ልቅሶ የመጣ ሰው ሳያለቅስ አይመለስም" አለች። ከዚያ ወደ ታሪኳ ዞረች። "አንች ልጀ፣ ለጠጉርሽ አልቅሽ። ዛሬ ሰው ፊት ከተለቀሰለት፣ በሂናው ቀን ይኸን ራስ ገልጠሽ ስትቆሚ ማንም ሞት ነው አይልም።"

ቄስ ዘመነ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሽማግሎቹም ተቀመጡ። ታሪኳ መጀመሪያ አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ ከአንጀቷ መጣላት። ባሏ ሲሞት እንዲህ አላለቀሰችም። እማ ፈንታዬ ቀስ ብለው ጀመሩ፣ የታሪኳ ፀጉር በልጅነቷ እንዴት እንደነበር እየጠሩ ሙሾ አወረዱላት፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ለናኦር ፈርተው የያዙትንም እዚያው ላይ አፈሰሱት።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። መቀመጥ አልቻልሁም፣ መሄድም አልቻልሁም። ወደ ሁለተኛው ሐኪም የወሰድኋት እኔ ነኝ፣ አትንገሪ ያልኋትም እኔ ነኝ አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብዬ። ታሪኳ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ብቻ ጠጋ ብላ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"እንግዲያው አንተም ተቀመጥና አልቅስ" አለችኝ እናቴ።

ተቀመጥሁና አለቀስሁ።